የራስ ቅማልን በደህና ማጥፋት፦ የ17 ቀኑ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ የትም ብትሄዱ የእናቶች ቃል አንድ ነው፤ «ቀባኋት፣ ለቀቃት፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰባት።» ብዙውን ጊዜ ግን ቅማሉ አልተመለሰም፤ መጀመሪያውንም አልሄደም። መድኃኒቱ የሚርመሰመሰውን ገደለ፣ ከፀጉሩ ሥር የተጣበቀው ቅጫም ተረፈ። ቅጫም በ7 እና በ10 ቀን መካከል ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው ደግሞ በ10 ቀን አካባቢ አድጎ ራሱ ቅጫም መጣል ይጀምራል። አንዲት ሴት ቅማል በቀን እስከ 8 ቅጫም ትጥላለችና፣ አንድ ጊዜ ቀብቶ ማቆም የደከሙበትን ሁሉ ከንቱ ያስቀራል።

ስለዚህ ሥራውን ስትጀምሩ 17 ቀን እንደሚፈጅ አውቃችሁ ጀምሩ። ቅዳሜ ብትጀምሩ ቀኖቹ እንዲህ ይውላሉ፦

- ቀን 1፣ ቅዳሜ፦ መድኃኒትና ማበጠር
- ቀን 5፣ ረቡዕ፦ ማበጠር
- ቀን 9፣ እሑድ፦ ሁለተኛ ዙር መድኃኒትና ማበጠር
- ቀን 13፣ ሐሙስ፦ ማበጠር
- ቀን 17፣ ሰኞ፦ የመጨረሻ ፍተሻ

ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በቃል የያዘ ሰው ቀን 9ን ይረሳል፤ ቀን 9 ከተረሳ ደግሞ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል።

በመጀመሪያ ቅማል መሆኑን አረጋግጡ

የሚያሳክክ ራስ ሁሉ ቅማል የለበትም፣ ቅማል ያለበትም ሁሉ አያከከውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ልጅ ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ልጁን ፀሐይ ላይ አስቀምጡትና ፀጉሩን እየከፈላችሁ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ ያለውን ቦታ እዩ። አዋቂ ቅማል ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም፤ ብርሃን ሲያይ ቶሎ ይሸሻልና ዓይናችሁን አትንቀሉ። ቅጫም አይንቀሳቀስም፤ ከፀጉሩ በአንድ ጎን ተለጥፎ ይገኛል። በጣት ስትገፉት ተንሸራቶ የሚወርድ ከሆነ ፎረፎር ነው፤ ሙጭጭ ብሎ በጥፍር ካልተላቀቀ ቅጫም ነው።

የቅጫሙን ቦታም እዩ። ከራስ ቆዳው በ6 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለና ቡናማ የሆነው ሕይወት ሊኖረው ይችላል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከዚያ ርቆ የሚታየው ነጭ ቅጫም ብዙውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነው። የሚሄድ ቅማል ካላገኛችሁና ያገኛችሁት ከቆዳው የራቀ ነጭ ቅርፊት ብቻ ከሆነ መድኃኒት አትቀቡ።

ፀጉሩ ክብ ክብ እየሠራ ከተመለጠ፣ ከተሰበረ ወይም ቅርፊት ከያዘ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። እሱ ፈንገስ ነው፤ በሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚድነውና ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እነዚህን ራስ ላይ አታድርሱ

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። የራስ ቅማል ልጅ አይገድልም፤ ከዚህ በታች ያሉት ግን ይገድላሉ።

*ማላታይንና ዲያዚኖን።* ለጎተራ ነቀዝ የሚነሰነሰው ማላታይን ዱቄትና ለበግ መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖን በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባሉ። የልጅ የራስ ቆዳ ስስ ነው፤ በማከክ ከቆሰለ ደግሞ የበለጠ ይመጥጣል። በሐኪም የሚታዘዝ ማላታይን የተባለ የቅማል መድኃኒት መኖሩ አያሳስታችሁ፤ መጠኑ 0.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ከእህል መድኃኒቱ ጋር አንድ አይደለም። ዲዲቲም፣ የበረሮና የትንኝ ፍሊትም እንደዚሁ ራስ ላይ አይደርሱም።

*ላምባና ቤንዚን።* ቅጫሙን አያጠፉም፤ ቆዳ ይልጣሉ፣ ትነታቸው ሳንባ ይጎዳል። ከሁሉ የሚከፋው እሳቱ ነው። ላምባ የተቀባች ልጅ ምድጃ ዳር ወይም ኩራዝ አጠገብ ብትደርስ ፀጉሯ በአንዴ ይያያዛል። ታጥቦ የወጣ የሚመስል ፀጉር እንኳ ሊቀጣጠል ይችላል።

*ፌስታል።* ራስ ላይ ፌስታል አስሮ ልጅ ማስተኛት እንዳይሞከር፤ ልጁ ሊታፈን ይችላል።

አቼቶና ሎሚ ቅማል አይገድሉም፤ የቆሰለ ራስ ያቃጥላሉ። ቅቤ ለብቻው ይቆይ፣ ከታች እመለስበታለሁ።

ቀድሞውኑ የእህል ወይም የከብት መድኃኒት ከተቀባ

1. ልብሱን አውልቁ፤ እጃችሁ ላይ ፌስታል ወይም ጓንት አድርጉ።
2. ራሱንና የነካውን ገላ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ። ውኃው ዓይኑና አፉ ውስጥ እንዳይገባ ራሱን ወደ ፊት ደፋ አድርጉት።
3. ምራቅ ካዝረበረበ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው አንድ ደቂቃ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት። ምልክት ባይታይበትም ጤና ጣቢያ ይታይ።
4. የመድኃኒቱን ዕቃ ወይም ጥቅልል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የሚያክመው የተቀባውን ሲያውቅ ነው።

አዘጋጁ

- በሁለቱም በኩል ጥርስ ያለው ጠባብ ሚዶ። ጥርሶቹ መካከል ወረቀት እንኳ በጭንቅ የሚያልፍበት ይሁን፤ ሰፊ ሚዶ ቅማሉን ያሳልፈዋል።
- ሰፊ ጥርስ ያለው ተራ ሚዶ፣ ለማፍታታት
- ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት
- ሳፋ፣ ጆግ፣ ለብ ያለ ውኃ
- ተራ ሻምፖ ወይም ሳሙና (ኮንዲሽነር የሌለበት)
- ለማበጠር ኮንዲሽነር፤ ካልተገኘ የምግብ ዘይት
- ፐርሜትሪን 1 በመቶ ከመድኃኒት ቤት። ለእከክ የሚሸጠው 5 በመቶ ስለሆነ ጥቅልሉን አንብባችሁ ተቀበሉ።

የልጅቷ ፀጉር ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ አንድ ጠርሙስ ላይበቃ ይችላል። ግማሹን ራስ ብቻ የነካ መድኃኒት ምንም እንዳልተቀባ ይቆጠራል። መድኃኒቱን መግዛት ካልቻላችሁ አትጨነቁ፤ በተጻፉት ቀኖች በጥንቃቄ ማበጠር ብቻውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ድካሙ ግን ይበዛል። ዕድሜው 2 ወር ላልሞላ ሕፃን ደግሞ ማበጠር ብቻ ነው የተፈቀደው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት መድኃኒት ከመቀባቷ በፊት የጤና ባለሙያ ትጠይቅ።

ደረጃ 1፦ የቤቱን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ፈትሹ

ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፤ ከራስ ወደ ራስ እየዳኸ ነው የሚሻገር። አብረው የሚተኙ ልጆች፣ የምታቅፋቸው እናት፣ ጋቢ የምታካፍላቸው አያት፣ ሁሉም ይታዩ። የሚሄድ ቅማል የተገኘበት ሁሉ በዚያው ቀን ይታከማል። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ሳምንት ካከማችሁ ቅማሉ ተራ በተራ ይዞርባችኋል። ምንም ያልተገኘበትን ሰው «ለጥንቃቄ» ብላችሁ መድኃኒት አትቀቡት፤ አልጋ የሚጋራ ከሆነ ግን አብሮ ይታከም።

ደረጃ 2፦ ሹሩባውን ፍቱ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሹሩባው ገና ትናንት ተሠርቶ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት፣ ለበዓል ተብሎ ይሆናል፤ እናት መፍታቱ ያሳዝናትና በላዩ ትቀባለች። መድኃኒቱ የጉንጉኑን ላይ ነክቶ ያልፋል፣ ቅማሉ ግን ያለው ሥሩ ላይ፣ ቆዳው ጥግ ነው። ሁሉም ይፈታ። እስከ ቀን 17 ድረስም መልሳችሁ አትሥሩት፤ ላላ አድርጎ ወደ ኋላ ማሰር ይበቃል።

ቅቤ ካለበት በሙቅ ውኃ በሳሙና ሁለት ጊዜ እጠቡት። በቀዝቃዛ ውኃ ቅቤ ይረጋል እንጂ አይወጣም። ፀጉሩ በጣት ሲዳሰስ ማሟለጩን እስኪተው ድረስ አታቁሙ፤ ቅባት ያለበት ፀጉር መድኃኒቱን ወደ ቆዳው አያደርስም።

ስለ ቅቤ ብዙ ስለሚጠየቅ፦ ቅማል መተንፈሻውን ዘግቶ ለሰዓታት መቆየት ይችላል፤ ስለዚህ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ማደር ያደነዝዘዋል እንጂ በእርግጠኝነት አይገድለውም፣ ቅጫሙንም አይነካውም። መድኃኒት በማይቀቡባቸው የማበጠሪያ ቀኖች ሚዶውን ለማንሸራተት ግን ይረዳል።

ደረጃ 3፦ መድኃኒቱን ቀቡ

1. ፀጉሩን በተራ ሻምፖ አጥባችሁ በፎጣ አድርቁ። እርጥብ ይሁን፣ ውኃ ግን አይንጠብጠብ። በዚህ ቀን ኮንዲሽነር አትንኩ፤ ፀጉሩን ሸፍኖ መድኃኒቱን ያደክመዋል።
2. ልጁ ዓይኑን በደረቅ ጨርቅ ይሸፍን።
3. ከማጅራትና ከጆሮ ጀርባ ጀምራችሁ እስከ ግንባር ድረስ፣ ከሥር እስከ ጫፍ እስኪርስ ቀቡ።
4. ሰዓት ያዙ፤ 10 ደቂቃ። ሌሊቱን ማሳደር ኃይሉን አይጨምርም፤ ቆዳውን ያስቆጣል።
5. ሳፋ ላይ አጎንብሶ ለብ ባለ ውኃ ይለቅለቅ። ገላውን እየታጠበ አይሁን፤ መድኃኒቱ በሰውነቱ ላይ ሁሉ መውረድ የለበትም።
6. ዓይኑ ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡ።
7. ንጹሕ ልብስ አልብሱት። ለሁለት ቀን ፀጉሩን አትጠቡ።

ከ8 እስከ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ እዩ። ቅማሉ ሞቶ ወይም እየተንፏቀቀ ከሆነ ሠርቷል ማለት ነው፤ ደግማችሁ አትቀቡ። የሞተ ሳይታይ ሁሉም እንደ ቀድሞው የሚሮጥ ከሆነ ቅማሉ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት አትደራርቡ፤ በማበጠሩ ቀጥላችሁ ሌላ ዓይነት እንዲታዘዝ ባለሙያ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ አበጥሩ

መድኃኒት ካላችሁም ከሌላችሁም ይህ አይቀርም። ለረጅም ፀጉር አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላልና ልጅቷ ሳይርባት፣ ሳትደክም፣ ፀሐይ ሳለ ጀምሩ።

በማበጠሪያ ቀኖች መጀመሪያ ፀጉሩን አጥባችሁ ኮንዲሽነር ወይም ዘይት አጥግቡት፤ እርጥብና የሚያሟልጭ ፀጉር ውስጥ ቅማል መሮጥ አይችልም። (በቀን 1 እና በቀን 9 ግን ከመድኃኒቱ በኋላ እርጥብ እንዳለ ያለ ኮንዲሽነር አበጥሩ።) በሰፊው ሚዶ አፍታቱት። ከዚያ ፀጉሩን በጣት ውፍረት እየከፈላችሁ የተሠራውን በመያዣ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ጠባቡን ሚዶ ከራስ ቆዳው ጋር አስነኩና ሳታነሡ እስከ ጫፍ ሳቡ። በእያንዳንዱ ስበት ሚዶውን በነጩ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ የቀረውን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ እግሩን የሚያንቀሳቅስ ቡናማ ነገር አዋቂው ነው፣ ነጣ ያለና በጣም ትንሽ የሆነው በቅርቡ የተፈለፈለ ነው። ትንሿን ካያችሁ ቅጫሙ እየተፈለፈለ ነውና ቀኖቹን አታሳልፉ። ያንኑ ክፍል ከላይም ከሥርም ሁለት ጊዜ ካበጠራችሁ በኋላ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

ያገኛችሁትን በጥፍር አትጨፍልቁ። ጨርቁን የፈላ ውኃ ውስጥ ክተቱ፤ ሶፍት ከሆነ አቃጥሉ። ሚዶውን እንፋሎት በሚወጣው ሙቅ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ እሳት ላይ እየፈላ ካለ ውኃ ውስጥ ግን ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ደረጃ 5፦ ልብስና መኝታ

እዚህ ላይ ብዙ ጉልበት በከንቱ ይባክናል። ከራስ የወደቀ ቅማል ደም ስለማያገኝ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታል፤ ቅጫምም ከራስ ሙቀት ውጭ አይፈለፈልም። ስለዚህ ባለፉት ሁለት ቀናት ራስ የነካውን ብቻ ያዙ፦ ሻሽ፣ ሂጃብ፣ ነጠላ፣ ኮፍያ፣ የትራስ ልብስ፣ ጋቢ።

በጣም በሞቀ ውኃ፣ ቢያንስ 54 ዲግሪ፣ እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡ። ክረምት ላይ፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ጋቢ ሳምንት ሙሉ አልደርቅ ሲል፣ አማራጭ አለ፦ ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ቤቱን መድኃኒት አትርጩ፤ ትንፋሻችሁን ትጎዳላችሁ እንጂ ራስ ላይ ያለውን አታገኙትም።

ደረጃ 6፦ ቀን 9

ሰኞ ለባቲ ገበያ የምትወጡ ከሆነ ዋዜማው እሑድ ነውና ለገበያ ዕቃ መሰናዶ ብላችሁ አትለፉት። ደረጃ 3ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድገሙ። «ምንም አይታይም» ብላችሁ አትተዉት፤ አሁን የሚገደለው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የተፈለፈለው ነው። በቀን 5 ዘይት ወይም ቅቤ ከተጠቀማችሁ ዛሬ በደንብ ይውጣ።

ቀን 13 ላይ አበጥሩ፤ ቀን 17 ላይ አበጥራችሁ ፈትሹ። በቀን 17 የሚሄድ ቅማል ካልተገኘ ጨርሳችኋል። ማሳከኩ ግን ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ለማሳከክ ብቻ ተብሎ መድኃኒት አይደገምም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ቀን 9 ካለፈ፦* በቀን 10 ቀቡ። ከዚያ ከዘገየ እንደ አዲስ ከቀን 1 ጀምሩ።

*በቀን 17 ትልልቅ ቅማል ከተገኘ፦* ከሌላ ሰው ተላልፎ ይሆናል። የጨዋታ ጓደኞቿንና አብሯት የሚተኛውን ፈትሹ።

*ትንንሽ ብቻ ከተገኘ፦* ማበጠሩ ላይ ላዩን ነበር፣ ወይም መድኃኒቱ አልበቃም። የፀጉሩን ክፍሎች አሳንሳችሁ አበጥሩ።

*ራሱ ከቆሰለ፦* መግል፣ ቢጫ ቅርፊት፣ አንገት ላይ ንፍፊት ወይም ትኩሳት ካለ መድኃኒቱ ይቆየውና ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁስሉ ኢንፌክሽን ይዟል።

*ሽፋሽፍት ላይ ቅማል ከታየ፦* ምንም አትቀቡ፤ ሐኪም ይየው።

መላጨትስ?

ለወንድ ልጅ ፈጣኑ መፍትሔ ነው፤ ለደረሳዎችና ለቆሎ ተማሪዎች፣ ብዙ ሆነው አንድ ጎጆ ለሚያድሩት፣ ሁሉም በአንድ ቀን ቢላጩ ያዋጣል። ምላጩ ግን ለእያንዳንዱ ራስ አዲስ ይሁን፤ በአንድ ምላጭ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊተላለፍ ይችላል። ሴት ልጅን ያለ ፈቃዷ አትላጩ። ቅማሉ በ17 ቀን ይሄዳል፤ በእኩዮቿ ፊት የተሰማት ኀፍረት ግን አብሯት ይቆያል።

ለጎረቤት መንገር

ይህን ካላደረጋችሁ የእናንተ ልፋት ከወር አያልፍም። ዝም የሚያሰኘው ኀፍረት ነው፤ ቅማል ግን ንጹሑንም ቆሻሻውንም ፀጉር አይመርጥም። ቡና ላይ ሰው በተሰበሰበበት አታንሱት፤ ለብቻ፣ ከራሳችሁ ጀምራችሁ ንገሩ፦

«እታለም፣ የኔይቱ ራስ ላይ ቅማል አግኝቼ ቅዳሜ ላክማት ነው። ልጆቻችን አብረው ስለሚውሉ የአንቺንም ብታያቸው። ሚዶው እኔ ጋር አለ፣ አብረን እንሠራዋለን፤ አብሽሪ።»

ለትልቅ ሰው ከሆነም እንዲሁ፦ «እማማ፣ ልጆቹን አንድ ቀን ብናክማቸው ይሻላል፤ እርስዎ ይፍቀዱና እኔ መጥቼ አበጥራቸዋለሁ።» ለአስተማሪም ንገሩ። የታከመ ልጅ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ይግባ፤ ከክፍል ማስወጣት አያስፈልግም።

የልብስ ቅማል ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው

እንደ ደላንታና ወረኢሉ ባሉ ብርዳማ ደጋዎች ልብስ ተደራርቦ ስለሚለበስ ይህን መለየት ግድ ይላል። የሚያሳክከው ወገብ፣ ብብትና ትከሻ ከሆነ የልብሱን ስፌት ገልብጣችሁ እዩ። በስፌት ውስጥ የሚኖረው ቅማል ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ያስተላልፋል። ተስቦ በዋናነት የሚተላለፈው በቅማሉ ኩስ ነው፤ የሚያገረሸው ትኩሳት መተላለፊያ ደግሞ መጨፍለቅ ነው፤ በጥፍር ሲፈርጥ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይን ይገባል። ልብሱን ቀቅሉ፣ ስፌቱን በካውያ ተኩሱ።

የልብስ ቅማል ባለበት ቤት ድንገተኛ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቴትራሳይክሊን ገዝታችሁ ቤት አትዋጡ፤ የሚያገረሽ ትኩሳት ከሆነ የመጀመሪያው መድኃኒት ኃይለኛ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊያመጣ ስለሚችል በባለሙያ ዓይን ሥር መወሰድ አለበት።

እንዳይመለስ

- በሳምንት አንድ ቀን፣ ሹሩባ በሚፈታበት ጊዜ ደግሞ ሁልጊዜ፣ ከጆሮ ጀርባና ማጅራቱን እዩ። አዲስ ሹሩባ የሚሠራው ከፍተሻው በኋላ ይሁን።
- ሹሩባ ሠሪዋ ጋር የራሳችሁን ሚዶ ይዛችሁ ሂዱ።
- ለእያንዳንዱ ልጅ ሚዶና ሻሽ ለዩ፤ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ክር ብታስሩበት ልጆቹ ራሳቸው ይለዩታል።
- ረጅም ፀጉር ወደ ትምህርት ቤት ሲኬድ ታስሮ ይሂድ።
- መድኃኒት ለመከላከያ አትቀቡ። ቅማል በሌለበት ራስ ላይ ጥቅም የለውም፤ የሚያስፈልግ ቀን ሲመጣም እንዳይሠራ ያደርገዋል።
- ልጁ ከዘመድ ቤት ወይም ከአዳሪ ትምህርት ቤት ሲመለስ ከሌሎቹ ጋር ከመተኛቱ በፊት ፈትሹት፤ ከ7 ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ድገሙት።